የማሽላው አጃቢ

አንድ ቆለኛ ምላሰኛ ጭሰኛ በማሽላው መሃል አደንጓሬ ይዘራ ነበር። አደንጓሬ እኮ መሬቱን ያለማል፣ አረሙንም ያፍናል፤ ማሽላው የሚፋፋው በእሱ ነው!

አንድ ቀን ባለመሬቱ ፊታውራሪ አንዳርጌ በበቅሎ መጡ። አንዱ አሽከር ልጓም ይዟል፤ ሁለቱ ጌታቸው እንዳይወድቁ ግራና ቀኝ ደግፈዋቸዋል።

«ምነው ይህን የመሰለ ማሽላ በተራ ነገር አስከበብከው? ነቅለህ ጣል! አለዚያ መሬቴን ልቀቅ!» አሉ።

ጭሰኛው ደነገጠ፤ ሌላ የሚያርሰው መሬት የለውም። ቢሆንም እጅ ነሣና፣

«እሺ ጌታዬ፣ እነቅላለሁ። ብቻ አስቀድመው አሽከሮቹን ያሰናብቱና ብቻዎን ከበቅሎዋ ይውረዱልኝ። እርስዎ ያለ አጃቢ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ማሽላውም አያቅተውም» አለ።

ፊታውራሪ ቁልቁል ቢያዩ መሬቱ ራቀባቸው።

«ተወው፣ ይቅር!» አሉና በቅሎዋን አስዞሩ።