የጃርቷ ብርድ ልብስ

አንድ ጊዜ፣ በጎች ውኃ ለመጠጣት በሚወርዱበት ቁልቁለት አጠገብ፣ አንዲት ጃርት ጉድጓድ ቆፍራ ትኖር ነበር። ጃርቷ ዝምተኛ ነበረች። ጎረቤቶቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን እሾኋን ስለሚፈሩ ሰላም የሚሏት ከሩቅ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ያቀፋት የለም። እናቷ እንኳ በአፍንጫዋ ጫፍ ብቻ ነበር የምትስማት።

ይህች ጃርት አንድ በጣም የምትወደው ነገር ነበራት። በጎቹ በቁልቁለቱ ሲያልፉ ጸጉራቸው በአጋሙና በቀጋው እሾህ እየተያዘ ይቀራል። ጃርቷ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ትለቅመዋለች። ወንዝ ወርዳ ታጥበዋለች፣ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ አባዝታ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ከዚያ በራሳቸው ጊዜ ከጀርባዋ የወደቁ ሁለት ረጃጅም እሾሆችን እንደ መርፌ ይዛ ሹራብ ትሠራለች። አንዷን ቀለበት በሌላዋ ውስጥ ታሳልፋለች፣ ያችን ደግሞ በቀጣይዋ። ረድፉ ሲያልቅ አዙራ ትመለሳለች። ሥራው ይኸው ነው። ሆኖም ትናንት ያልነበረ ነገር ከመርፌዋ ሥር ሲረዝም ስታይ፣ ሆዷ ውስጥ ሙቅ ወተት የፈሰሰ ያህል ይሰማት ነበር።

ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አልነበረም። ክሩ ይተበተባል፤ ነፋስ ልቃቂቱን እያንከባለለ ጭቃ ውስጥ ይከተዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሾለከች ቀለበት ናት። አርባ ረድፍ ሠርታ ዐይኗን ወደ ታች ስትጥል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ቀለበት ሾልካ ቀዳዳ ከፍታ ታገኛለች። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ከመተርተር በቀር ሌላ መፍትሔ የለም። ጃርቷ እየተነጫነጨች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች ትተረትረዋለች። በማግስቱ ግን እንደገና ትጀምረዋለች፤ ማንም አላዘዛትምና።

በዚያ ዓመት ለራሷ ብርድ ልብስ ጀመረች። የሚበቃውን ጸጉር ለመልቀም ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። የኅዳር ውርጭ ሳይገባ ልትጨርሰው አስባ ነበር። ለስላሳ ነገር ሰውነቷን ነክቶት ስለማያውቅ፣ ሆዷን በእሱ ላይ አሳርፋ መተኛት ምን እንደሚመስል በየረድፉ ታስበው ነበር።

ግማሽ ላይ ስትደርስ አህያ መጣ። ጭነት ጀርባውን ልጦት፣ ቁስሉን ዝንብ ወርሮት ነበር። አህያው ምንም አልጠየቃትም። ቆሞ ሥራዋን ብቻ ተመለከተ። ጃርቷ አዘነችለት፤ ብርድ ልብሱን ወደ ጎን አድርጋ በአራት ቀን ለጀርባው የሚሆን ልባስ ሠራችለት። ስታለብሰው አህያው ሁለት ጆሮዎቹን ጣለ፣ ዐይኑም እንባ አቀረረ።

«እቴ ጃርት፣» አላት፣ «እስከ ዛሬ ሁሉም ሲጭንብኝ ነው የማውቀው። ያለበሰኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን ውለታ ብረሳ አፈር ልሁን።»

ጃርቷ አፍራ አንገቷን ደፋች። የዚያን ቀን የሠራችው ረድፍ ከሁሉም የተስተካከለ ሆነላት።

አህያው የተደረገለትን በሄደበት ሁሉ አወራ። ቀጥሎ የመጣው ጅብ ነበር። ጉሮሮውን ብርድ እንደያዘው ተናግሮ የአንገት ልብስ ለመናት። ጃርቷ እምቢ ማለት አታውቅበትም፤ ሠራችለት። በሦስተኛው ቀን ጅብ ባዶ አንገቱን ተመልሶ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ የአንገት ልብስህስ?»

«በላሁት።»

«ልብስ ይበላል እንዴ?»

«በግ በግ ይሸታላ። አፍንጫዬ ሥር ያሰርሽው አንቺ፣ እኔ ምን ላድርግ? ክር ክር ከማለቱ በቀር ይጣፍጣል። የሚቀጥለውን ወፈር አድርጊው።»

ጃርቷ ሳቋ አመለጣት። ጸጉር እንዳለቀባት ነግራ ሸኘችው፤ ወደ ብርድ ልብሷም ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ቀበሮ መጣ። ቀበሮ አልበረደውም፣ አልቆሰለም። እሱን ያመጣው ሌላ ጉዳይ ነው። የአካባቢው ጌታ አንበሳ አርጅቶ፣ አለት ላይ ሲተኛ አጥንቱን ብርድ ይቆረጥመው ጀምሮ ነበር። ቀበሮም ይህን አይቶ፣ በገዛ እጁ ለስላሳ የአልጋ ልብስ ሠርቶ እንደሚያመጣለት ቃል ገባ። አንበሳም በበኩሉ፣ ከአደን በኋላ የሚተርፈውን ሥጋ ከጅብ በፊት ቀበሮ እንዲቀምስ ሊፈቅድለት ተስማማ። ቀበሮ ግን ክርና መርፌ ነክቶ አያውቅም።

ለጃርቷ ይህን ሁሉ አልነገራትም። አንበሳ ዝናዋን ሰምቶ፣ አውሬዎች ሁሉ ከሚሰበሰቡበት ቀን በፊት የአልጋ ልብስ እንድትሠራለት አዝዟል አላት። የቀረው ዐሥር ቀን ነው። ጃርቷ ያላት ክር የብርድ ልብሷ ክር ብቻ መሆኑን ነገረችው።

«ታዲያ እሱን ተርትሪዋ፣» አላት።

«የራሴ ነው። ሦስት ዓመት ለቅሜዋለሁ።»

«እቴ፣ ለጨዋታ የምትሠሪው ነገር አይደለም እንዴ? እኛ ሮጠን አድነን ነው የምንበላው፤ አህያም ተሸክሞ ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ጣትሽን ታጫውቻለሽ። ድንጋይ ፍለጪ አልተባልሽ፤ የምትወጂውን ሥሪ ነው የተባልሽው።»

ጃርቷ ሥራዋን አየች። እውነት ነው፣ ትወደዋለች። የሚወዱትን ነገር ደከመኝ እንዴት ይባላል? ቀበሮው ከሄደ በኋላ የብርድ ልብሷን ጫፍ ይዛ ሳበች። ረድፎቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ሄዱ። የሦስት ዓመቱ ሥራ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሳታዘነብል ልቃቂት ሆኖ አለቀ።

የአንበሳ ሰውነት ሰፊ ስለሆነ ረድፉ በጣም ረዥም ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እጇ ደስ ብሎት ሠራ፤ ጥቁሩን ክር ለይታ ጋማ የመሰለ ጥለት እንኳ አወጣችለት። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ቀበሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ረድፍ መቁጠር ጀመረ። ትናንት ስንት ሠራሽ፣ ዛሬ ለምን አነሰ ይላታል። ጣቷ አበጠ። በዐሥረኛው ቀን ቀበሮ አህያውን አስከትሎ ሲመጣ፣ የመጨረሻው ረድፍ ገና አልተዘጋም ነበር።

ጃርቷ እስከ ቀትር እንዲታገሷት ለመነች። ቀበሮ ስብሰባው ተጀምሯል ብሎ እምቢ አላት። እዚያው አብራ ሄዳ ልትዘጋው ጠየቀች። በዚህ ጊዜ ቀበሮ ደነገጠ፤ ሠሪው እኔ ነኝ ብሎ ተናግሯልና። አንበሳ የጃርት እሾህ መዳፉን ወግቶት ስለሚያውቅ ዘርሽን ማየት አይወድም፣ ሲረጋጋ አስጠራሻለሁ አላት። ጃርቷም ሥራውን መርፌዎቹ እንደተሰኩበት አጥፋ በአህያው ጀርባ ላይ ጫነችው።

«መርፌዎቹን እንዳትነኩ፣» አለቻቸው ሁለቱንም። «ረድፉ ስላልተዘጋ ሁሉንም የያዙት እነሱ ናቸው። ከወጡ ይተረተራል።»

አህያው ሰምቻለሁ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

መንገድ ላይ ግን ቀበሮ ማሰብ ጀመረ። አንበሳ እሾህ ላይ ቢተኛ አንገቴን ይቆርጠዋል፤ ደግሞም እሾሁ የማን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ቆም አለና ሁለቱንም መርፌዎች መዝዞ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወራቸው። አህያው፣ እቴ ጃርት አትንኩ ብላ ነበር እኮ፣ አለ በቀስታ።

«አንተ ተሸካሚ ነህ እንጂ ሸማኔ አይደለህ፣» አለው ቀበሮ። «መንገድህን ሂድ።»

አህያው መንገዱን ሄደ።

የአውሬዎቹ ስብሰባ ከአንበሳ አለት ሥር ነበር። ቀበሮ ልብሱን በጥንቃቄ አነጠፈ፤ አንበሳም ተኛበትና ዐይኑን ጨፍኖ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። የማን እጅ ነው ይህን የሠራው ብሎ ጠየቀ። ቀበሮ ጎንበስ ብሎ የአገልጋይዎ የእኔ እጅ ነው አለ። አንበሳም ከዛሬ ጀምሮ ቀበሮ ከጅብ በፊት እንዲበላ አወጀ፤ ቀበሮም ረዥም የምስጋና ንግግር ጀመረ።

ጅብ ተራው ወደ ኋላ ስለተገፋ ፊቱን አጥቁሮ ከአንበሳ ጅራት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አፍንጫው ግን ሥራ አልፈታም። በግ ሸተተው። ዞር ሲል ከልብሱ ጫፍ የተንጠለጠለች አንዲት ክር አየ። ልምጠጣት ብቻ ብሎ አፉ ውስጥ ከተታት። ሲስባት መጣች። ከእሷ ጋር አንድ ቀለበት ተፈታ፣ ከዚያም ሌላ። ቀበሮ የአንበሳን ደግነት እየዘረዘረ ጅብ ረድፍ ረድፉን ይውጥ ነበር። አንበሳ መጀመሪያ ጅራቱን፣ ቀጥሎ ጭኑን፣ ከዚያም ሆዱን በረደው። ንግግሩ ሲያልቅ ባዶ አለት ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከደረቱ ሥር የወጣች ክርም እስከ ጅብ አፍ ተዘርግታ ትታያለች።

«ጅብ፣ ምንድን ነው የምትበላው?» አለ አንበሳ።

«አልጋዎን ነው ጌታዬ፣» አለ ጅብ አፉ እንደ ሞላ።

የሳቀ አልነበረም። አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ ሲስቡት የሚያልቅ ልብስ ሠርተህ መጫወቻ ልታደርገኝ ነው ወይ አለው። ቀበሮ ለመዋሸት ጊዜ አይፈልግም። ሠሪዋ ጃርት እንደሆነች፣ እሱ ለክብሯ ብሎ በስሙ እንዳቀረበላት፣ ሥራዋ ተንኮል እንዳለበት ግን አሁን ገና እንዳየ ተናገረ።

ጃርቷ ተጠርታ መጣች። ክሯን በጅብ አፍ ስታይ የሆነው ሁሉ ገባት። በብዙ ዐይን ፊት መናገር ባትለምድም፣ መርፌዎቹን እንዳይነኩ አስጠንቅቃ እንደነበር፣ ያንንም አህያው ሰምቶ ተሸክሞ እንደመጣ አስረዳች።

አንበሳ አህያውን ጠየቀው። ሁሉም ወደ አህያው ዞሩ። ቀበሮ ዐይን ዐይኑን ያየዋል። ጅብ የመጨረሻዋን ክር ውጦ ከንፈሩን እየላሰ ከአጠገቡ ቆሟል። ጃርቷም አየችው፤ የሠራችለት ልባስ ጀርባው ላይ እንደነበረ ነው።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ ጌታዬ፣» አለ አህያው። «ጀርባዬ ላይ ያለውን አላይም።»

ጃርቷ ፊቷን ከእሱ አዞረች።

አንበሳ ፈረደ። ጃርት ሌላ ተንኮል እንዳትሠራ እዚሁ አለት ሥር ተቀምጣ ልብሱን እንደገና ትሥራ። «ሌላ ጌታ ቢሆን ቆዳሽን ይገፍ ነበር፣» አላት። «እኔ ግን የምትወጂውን ሥራ ነው ያዘዝኩሽ።» አውሬዎቹ ምሕረቱን አመሰገኑ። ቀበሮ የጃርቷን «ተንኮል» ስላጋለጠ የተሰጠው ተራ ጸናለት። ጅብ ሆዱ በክር ተቋጥሮ ሦስት ቀን አቃሰተ፤ በአራተኛው ቀን ረሳው።

እሷ ሦስት ዓመት የለቀመችውን ጸጉር አውሬዎቹ ወጥተው በሳምንት አመጡት። መርፌ ግን አልነበረም። የወደቀ እሾህ እስኪገኝ የሚጠብቅ ስላልነበረ ሁለት ከጀርባዋ ነቀሉላት። ጃርቷ በእነሱ ሠራች። አልተነጫነጨችም፣ አላለቀሰችም፣ አንዲት ቀለበትም አልሾለከችባትም። ውርጩ ገብቶ ሲጠነክር የመጨረሻውን ረድፍ ዘጋች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያማረ ሠርታ አታውቅም። አንበሳ ተኝቶበት ረካ፤ ነጻ ነሽ፣ ሂጂ አላት።

ቤቷ በገባች በሳምንቷ አህያው ከጉድጓዷ ደጅ መጥቶ ቆመ። በአፉ ሙሉ የበግ ጸጉር ይዞ ነበር፤ ከንፈሩ በአጋም እሾህ ተቧጭሮ ደምቷል። ጸጉሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። መሬት መሬት እያየ፣ ያን ቀን ጅብ አጠገቡ ስለነበረ እንደፈራ ነገራት። ጃርቷ አውቃለሁ አለችው።

«ይኸው ለራስሽ ለቀምኩልሽ፣» አላት። «አሁን የሚያዝሽ የለም። ብርድ ልብስሽን ሥሪበት። ትወጂው የለ?»

ጃርቷ ጸጉሩን አየችው። ንጹሕ ነበር፣ ረዥምና ለስላሳ። ጣቶቿ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«እወደው ነበር፣» አለችው።

ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጉድጓዷ ገባች፤ ሆዷንም በባዶ መሬት ላይ አድርጋ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዱ ወዶ የሚሠራውን ሥራ ድካም የሌለው የሚመስላቸው ሌሎች ሲያዝዙት፣ እውነቱን የሚያውቁትም ፈርተው ዝም ሲሉ፣ እጅ ሥራውን ባይረሳም ልብ ግን እንደሚረሳው ነው።