ስሙ የተዘለለው ንጉሥ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ድንበር በወንዝ እንጂ በወረቀት በማይለይበት ጊዜ፣ ጎርባና ሰንቃ የሚባሉ ሁለት አገሮች ነበሩ። ጎርባ ከወንዙ ወዲያ፣ ሰንቃ ከወንዙ ወዲህ። ጎርባዎች ኩሩዎች ነበሩ፣ ሰንቃዎች ምላሰኞች ነበሩ። ጠጋ በሉ፣ ከኋላ ያለውም እንዲሰማ።

እነዚህ ሁለት አገሮች አይስማሙም፣ አይለያዩም። የጎርባ ሰው የሰንቃ በሬ ሰነፍ ነው ይላል፤ ገበያ ሲወጣ ግን የሚመርጠው የሰንቃን በሬ ነው። የሰንቃ ሰው የጎርባ ሴት ቁጡ ናት ይላል፤ ለልጁ ሚስት ሲያጭ ግን የሚሻገረው ወደ ጎርባ ነው። ጎረቤት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ገና በደረሰ ቁጥር ወንዙ ይጎድልና አሸዋው ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች አሸዋው ላይ ይገናኛሉ። ቆልማማ የገና ዱላቸውን ይዘው ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ድቡልቡል፣ ሲያሳድዱ ይውላሉ። የተሸነፈው አገር ሰንጋ ይጥላል፣ ሁሉም አብሮ ይበላል። ከዚያ ተረቡ ይጀመራል። ሎሌ ጌታውን፣ ምራት አማቷን፣ ድሃ ንጉሡን በስሙ እየጠራ ይተርባል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?

ከወንዙ ሰው መካከል የማይተረብ አንድ ብቻ ነው፦ በዚያ ዓመት የሞተ። የሟቹ ተራ ሲደርስ ስሙ ይዘለላል። ወንዶቹ ዱላቸውን መሬት ያስነካሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ሁሉም ትንሽ ዝም ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

በሰንቃ ዘርትሁን የምትባል ባልቴት ነበረች። ሀብት የላትም፣ ጉልበት የላትም፣ ምላስ ግን አላት። የሰንቃን ተረብ የምታወጣው እሷ ነበረች። አስካል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ለጎርባ ሰው ድራት ልጅቷ የመጀመሪያዋን ፀንሳ ነበር። ዘርትሁን በዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አስካል ስትወልድ ከጎኗ መቀመጥ።

የጎርባው አሮጌ ንጉሥ ሆዳቸው ሰፊ፣ ሣቃቸውም ሰፊ ነበር። ዘርትሁን እንዲህ ብላ ተርባቸው ነበር፦

«ጎተራ መስሎኝ ነው ቆሜ የማደንቀው፣
ለካስ የንጉሡ ሆዱ ነው የማየው።»

እሳቸው ታዲያ እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይችን ግጥም ያስደግሙ ነበር። ነፍሳቸውን ይማረው፣ ንጉሥ ማለት እሳቸው።

ሲሞቱ ልጃቸው አንበርብር ነገሠ። አንበርብር ያደገው ሩቅ፣ ከእናቱ ዘመዶች ተራራ ላይ ነበር። የወንዙን ጨዋታ አያውቅም፣ የወንዙን ሕግ አያውቅም፣ በራሱ መሣቅም አያውቅም። በነገሠ በመጀመሪያው ገና ዱላውን አንሥቶ ሩሯን ልምታ ሲል ስቷት በፊቱ ተደፋ። የዚያን ዕለት ሰንቃ አሸነፈች። ተረቡ ሲጀመር ዘርትሁን ተነሣች፦

«ሩሯን መታሁ ብሎ ዱላውን አንሥቶ፣
ንጉሡ ተነሣ አሸዋውን በልቶ።»

አገር ሣቀ። ጎርባም ሣቀ፣ ሰንቃም ሣቀ፣ አንበርብር ግን አልሣቀም። ፊቱ ጠቁሮ በቅሎውን አስጭኖ ሄደ።

በሳምንቱ ጓንጉል የሚባል የጎርባ መልእክተኛ አንድ ገንቦ ማር ይዞ ወደ ዘርትሁን መጣ። ንጉሡ ግጥሙን ከላዬ አንሽልኝ ብለዋል፣ ማሩ የአፍሽ ማጣፈጫ ነው አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አለችው፣ ከየት አምጥቼ ላንሣው? ማሩንም መለሰችው።

በወሩ ጓንጉል አለንጋ ይዞ መጣ። ግጥሙን ካላነሣሽ ጀርባሽ ይከፍላል አላት። እሷም ጀርባዬ ምን አደረገ፣ የተናገረው አፌ ነው አለችና ወደ ቤቷ ገባች። ሰውየው አለንጋውን ታቅፎ ተመለሰ።

በሦስተኛው ጊዜ ጓንጉል ባዶ እጁን መጣ። ይኼ ነው የከፋው። የወንዙ መሻገሪያ፣ መልካው፣ በእሾህ ታጥሯል፣ ከሰንቃ ማንም አይሻገርም፣ ከጎርባም ማንም አይመጣም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሜቴ፣ አስካል ወሯ ገብቷል» አላት።

የሰንቃ ንጉሥ ደግሞ የአንበርብር ጦር ቀርቶ የራሱን ጥላ የሚፈራ ሰው ነበር። ዘርትሁንን ጠርቶ ሂጂና አንበርብር እግር ላይ ውደቂ፣ አገር በአንቺ ምላስ ይጥፋ? አላት። ዘርትሁን ያን ቀን አለቀሰች። ስለ ንጉሡ ቁጣ አይደለም፣ ስለ ልጇ ምጥ ነው። ስታለቅስ ቆየችና እንባዋን ጠረገች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሥታ ወደ መልካው ሄደች። እሾሁ ሥር ቆማ ከንጉሡ ፊት አቅርቡኝ አለች።

አንበርብር በመኳንንቱ መካከል ተቀምጦ ጠበቃት። እሷ ግን እግሩ ላይ አልወደቀችም። እጅ ነሥታ ቀና አለች።

«ጃንሆይ፣ መልካው ይከፈት፣ ግጥሙን አነሣለሁ» አለች። «እሱን ብቻ አይደለም። ካሁን በኋላ በገና ጨዋታ ስምዎን ከአፌ አላወጣም።»

ንጉሡ ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ አበዛው። አንቺ ብቻ ለምን፣ ማንም አያወጣም አለ። በገና ጨዋታ የአንበርብርን ስም የሚያነሣ ሁሉ፣ ጎርባም ይሁን ሰንቃ፣ ይቀጣ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ይህን ሲል የሰሙ የጎርባ ሽማግሌዎች ደነገጡ። አንዱ ጃንሆይ ብሎ አፉን ሲከፍት ንጉሡ ዝም በል አለው። እንግዲህ ዝም በል ካሉት ምን ያድርግ?

መልካው ተከፈተ። ዘርትሁን ስትሮጥ ደረሰች፤ አስካል እናቷን አቅፋ አምጣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አያትየው ሕፃኑን አቅፋ ፈገግ አለች። ምን እንዳሰበች ለማንም አልተናገረችም።

ዓመት ዞሮ ገና ደረሰ። አንበርብር ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ ነበር፣ ይህን አንካድበት። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሩሯን በአንድ ምት ከሰንቃ ግብ አሳለፋት። ጎርባ አሸነፈች። ያሸነፈው ራሱ ንጉሡ ነው። ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠና የሚወደስበትን ግጥም ጠበቀ።

ተረቡ ተጀመረ። ሩሯን ያቀበለው ተወደሰ። ሲሮጥ ሱሪው የወረደው ተተረበ። የተሸነፈው የሰንቃ ንጉሥም ተተርቦ ከሁሉ በላይ ሣቀ። ከዚያ የአንበርብር ተራ ደረሰ።

ዝም።

የሰንቃ ወንዶች ዱላቸውን መሬት አስነኩ። የጎርባ ወንዶችም አስነኩ። ዘርትሁን ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከእሷ በኋላ አስካል፣ ከአስካል በኋላ የሁለቱ አገር ሴቶች ሁሉ አዘቀዘቁ። ትንሽ ዝም አሉና ተረቡ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

አንበርብር ዞር ዞር ብሎ አየ። የሞተው ማነው? ብሎ ጠየቀ። በኋላ ያ ዝም የተባለው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ የወንዙን ሕግ በጆሮው ነገረው። የገዛ እናቱ፣ እቴጌዋ፣ ያ ሁሉ ነጠላ ሲዘቀዘቅ አይታ ልጄን በቁሙ ቀበሩት ብላ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ንጉሡ ቱግ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስሜን አንሺ!» አለ።

ዘርትሁን ዝም አለች።

ማር እሰጥሻለሁ አላት። አሁንም ዝም አለች። እናንተስ ብትሆኑ፣ በዝምታዋ ምን ብላችሁ ትከሷታላችሁ? ዝም በሉ ብሎ ያወጀ ራሱ ነው።

በሦስተኛው ከመቀመጫው ተነሣ፣ አሸዋውን አቋርጦ መጣና ከፊቷ ቆመ።

«እባክሽ እናቴ» አላት፣ «ተርቢኝ።»

ይኼን ጊዜ ዘርትሁን ቀና ብላ አየችው።

«ጃንሆይ፣ እኛ ሁለት ሰው አንተርብም፤ የሞተና ባዳ» አለችው። «አባትዎን ሃያ ዓመት የተረብኩት የእኛው ስለነበሩ ነው። እርስዎ ግን በተረብኩዎ በልጄ ምጥ ላይ እሾህ አጠሩ። መልካው ዳግመኛ እንዳይታጠር፣ የገና ቃልም ችሎት እንዳይቀርብ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይማሉልኝ። ያን ጊዜ የእኛ ይሆናሉ።»

ማለ። በአባቱ ስም ማለ። አዋጁንም እዚያው ሻረ። ዘርትሁን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አቀናች፣ ሕፃኑን ለአስካል አቀበለችና እጇን አጨበጨበች፦

«ሞቷል ብለን ነበር ነጠላ አዘቅዝቀን፣
ሬሳው ተነሣና ተርቡኝ አለን።»

አገር ሣቀ። ጎርባም ሣቀ፣ ሰንቃም ሣቀ፣ እቴጌዋ በእንባዋ መካከል ሣቀች። በመጨረሻ አንበርብርም ሣቀ፤ ሲሣቅ ሣቁ የአባቱ ሆኖ ተገኘ። የጎርባ ሽማግሌዎች ያን ሣቅ ሲሰሙ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጎርባና ሰንቃ ተስማሙ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም በበሬ ይነታረካሉ፣ ዛሬም በሩር ይናደዳሉ። መልካው ግን አልታጠረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጎረቤት ሲተርባችሁ አትቆጡ፣ የሱ ናችሁ ማለት ነው። ጎረቤት ሲፎክርባችሁም አትስጉ። ስማችሁን ዘሎ ያለፈ ዕለት ግን፣ ያን ዕለት ፍሩ። ምላስ የሚፈራ ጌታም ካጋጠማችሁ የለመናችሁን ዝምታ ሞልታችሁ ስጡት፤ እሱው ራሱ ተናገሩ ብሎ ይመጣል።

የኔ ተረት ወንዙን ተሻገረ፣ ምላሹ ከእናንተ ዘንድ ቀረ።