አዋላጇ ጃርትና መቶ ሃያው ቻርጀር

«ልጀምር?»

«ጀምሩልን፣ ጆሯችን ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ልሙላው።»

ድሮ ነው፤ ግን ያን ያህልም ድሮ አይደለም። እንስሳት ሁሉ ስልክ ይዘው፣ ሰው ገና ተራውን ይጠብቅ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ አመለወርቅ የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ሥራዋ ማዋለድ ነው። ጃርት እንዴት ታዋልዳለች ትሉ ይሆናል። አገሩም መጀመሪያ እንዲሁ ብሎ ነበር። ኋላ ግን እሷ ከነእሾኋ ጠጋ ስትል ምጥ ራሱ እንደሚፈጥን ታየና፣ ከሽኮኮ እስከ ዝሆን ነፍሰ ጡር ሁሉ የስልክ ቁጥሯን በቃሉ ያዘ።

ስልኳ ጨዋ ነበር። «እትዬ» ነው የሚላት። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ሁልጊዜ ይርበዋል።

መብራት በዚያ አገር የምትመጣው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰዎች ጥለውት ወደ ሄዱት ወፍጮ ቤት። ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት ቀርቶ ነበር። በእሱ ብቅ ትልና ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። «ምነው ትንሽ ብትቆዪልን?» ሲሏት፣ «ብቆይማ መቼ ትናፍቁኝ ነበር» ትላለች። ስትሄድም አትሰናበትም።

አመለወርቅ አንድ ትንሽ፣ ያረጀ ቻርጀር ነበራት።

«ስንት ይችላሉ አባቴ?» ይለዋል ስልኩ በየቀኑ።

«አምስት ዋት ልጄ። በጉልምስናዬም ያው አምስት ነበርኩ» ይላል ቻርጀሩ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ እንደሚያጎርስ ሰው፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርግለታል። መብራት ስትሄድ ስልኩ ከመቶ አሥራ ሦስት እንኳ በወጉ አልሞላም።

አንድ ቀን ሽኮኮ ደወለች። «እትዬ አመለወርቅ፣ ምጥ ይዞኛል። ያለሁት ከትልቁ ድንጋይ...» አለች፤ ስልኩ ጠፋ። ከትልቁ ድንጋይ በላይ ይሁን በታች አልታወቀም። አመለወርቅ በላይ ሄደች፣ የለችም። በታች ሄደች፣ የለችም። በጎን ሄደች፣ አገኘቻት። ልጁ ግን ተወልዶ፣ እትብቱን ራሱ ቆርጦ፣ ስሙን ራሱ አውጥቶ፣ «ቀኛዝማች በሉኝ» እያለ ከአባቱ ጋር ሲከራከር ደረሰች።

«ዘግይተሻል» አላት ሕፃኑ።

አመለወርቅ በጣም አፈረች። በማግስቱ ወደ ገበያ ወጣች።

ገበያው ዳር ቻርጀር የሚሸጠው አያ ጅቦ ነው። ለአያ ጅቦ ቻርጀር ማለት መንጋጋ ነው፤ ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል።

«ስልኬ ቶሎ እንዲጠግብልኝ ፈልጌ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ደግ አደረግሽ» አለና የፍየል ጭንቅላት የሚያህል ቻርጀር አወጣ። «መቶ ሃያ ዋት። ስልክሽን እስከ አጥንቱ ይሞላዋል።»

«ለሁሉም ስልክ ይሆናል?»

«አመለወርቅ፣ እኔ ስበላ ለየትኛው ሥጋ እሆናለሁ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ?»

ይህ ትክክል መሰላት። አያ ጅቦ ጥርሱን የሚጎረጉርበት ስለሚፈልግ፣ ከጀርባዋ ሠላሳ እሾህ ነቅላ ሰጠችውና ቻርጀሩን ተሸክማ ተመለሰች።

እኩለ ቀን መብራት መጣች። አመለወርቅ ትልቁን ቻርጀር ሰካች። ቻርጀሩ ደረቱን ነፍቶ ስልኩን ጠየቀው።

«ሽርክት ፍርክት?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አልሰማሁዎትም» አለ ስልኩ።

«ሽርክት ፍርክት?» አለ ቻርጀሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እኔ ዘጠኝ ቮልት በሦስት አምፔር ነው የምወስደው፣ ካለዎት።»

«ፍርክት?»

ቻርጀሮች አንድ ደንብ አላቸው። እንግዳው የሚናገረው ካልገባቸው፣ ባላወቁት አፍ ብዙ አስገብተው እንዳያንቁት፣ በትንሹ ያጎርሳሉ። መቶ ሃያውም እንደዚያው አደረገ። አሥር ዋት ብቻ። መብራት ስትሄድ ስልኩ ከመቶ ሃያ ሰባት ላይ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ እሾህ ተነቅሎ፣ ያ ሁሉ ሸክም ታዝሎ፣ ሃያ ሰባት።

በሦስተኛው ቀን የገደል ሚዳቋዋ ሰስ ደወለች። «እትዬ፣ ምጡ ፋታ ነሥቶኛል። መንገዱን ልንገርሽ። በወንዙ ወርደሽ፣ ሾላውን አልፈሽ፣ ከዚያ ወደ...» ስልኩ ጠፋ። አመለወርቅ ወደ ግራ ታጠፈች። መንገዱ በቀኝ ነበር። ስትደርስ የሰስ ልጅ ተወልዳ፣ እግሯን አጽንታ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥታ ነበር። ከላይ ሆና ቁልቁል አየቻትና እናቷን፣ «ይህቺ መላጣ ማን ናት?» አለቻት።

አመለወርቅ ጀርባዋን ዳሰሰች። እውነት ነው፣ እሾኋ ሳስቶ ነበር። ተመልሳ ወደ አያ ጅቦ ሄደች።

«ቻርጀሩ ምን አጠፋ?» አለ አያ ጅቦ። «ጥፋቱ የስልክሽ ነው። ጾም ለምዷል። ሁለት መቶ አርባ ዋት አለኝ፤ እሱን ውሰጂ።»

«እሾህ አልቆብኛል።»

«የጭራሽ አለ አይደል?»

እቤቷ ሄዳ ልታስብበት ተነሣች። አያ ጅቦ ግን ሐሳቧን እንዳትለውጥ ብሎ ሁለት መቶ አርባውን በትከሻው ተሸክሞ ተከተላት። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ።

የደወለው አቶ ግርማው ነው፤ የዝሆኗ የወይዘሮ ትልቅሰው ባል። ትልቅሰው ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው እርግዝና ነበራት። ያሉትም ሩቅ ቆላ ነው፤ ጃርት በእግሯ ብትነሣ ሦስት ቀን ይፈጅባታል።

«አመለወርቅ» አለ አቶ ግርማው፤ ያን ሁሉ አካል ይዞ ድምፁ እንደ ትንኝ ሆኖ ነበር። «ልጁ በጎኑ ነው የመጣው። ከማለዳ ጀምሮ እያማጠች ነው። ዓይኗን መክደን ጀምራለች። አንቺ እየነገርሽኝ እኔው...»

ስልኩ ጠፋ።

አመለወርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽኮኮም ሰስም ያለ እሷ ወልደዋል፤ ይህቺ ግን አትወልድም። ልጁም እናቱም ይሞታሉ። ለማዳን ረጅም ወሬ ያስፈልጋል፣ ለረጅም ወሬ የጠገበ ስልክ ያስፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው የምትቀመጠው። ወዲያው ሶኬቱ ውስጥ ኮቴዋ ተሰማ።

«መጣሁ» አለች መብራት። «ተቻኩያለሁ።»

«ሁለት መቶ አርባውን ስኪ» አለ አያ ጅቦ።

«አትሰኪ» አለ ከግድግዳው ላይ አንድ ድምፅ።

ግድግዳው የተናገረ መስሏቸው ነበር። ቀስ እያለ ግን ጋሽ ደርሶ ተለይቶ ታየ፤ እስስቱ፣ አሮጌው የስልክ ጠጋኝ።

«ልነግርሽ የተነሣሁት የሽኮኮዋን ወሬ የሰማሁ ዕለት ነው» አለ። «አሁን ደረስኩ።»

«በእስስት ቃል ልትሄጂ ነው?» አለ አያ ጅቦ። «ይኸው አሁን ግድግዳ ነበር።»

«መልኬን እለውጣለሁ እንጂ ቁጥር አልለውጥም» አለ ጋሽ ደርሶ ተረጋግቶ። አንዱን ዓይኑን ሶኬቱ ሥር በቀረው መቶ ሃያ ቻርጀር ላይ፣ ሌላውን በስልኩ ጀርባ ላይ አደረገና ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማንበብ ጀመረ። «ያንን መቶ ሃያውን ቀርቦ ያየው የለም እንጂ፣ አልዋሸም። መቶ ሃያ ይላል። ከሥሩ ግን፣ ጉንዳን በማያነበው ፊደል፣ ‹ለወገኔ ብቻ፤ ለሌላው አሥር› ይላል። ይሄም ሁለት መቶ አርባው የእሱው ጎሳ ነው። ብትሰኪው ያው አሥር ነው።»

«ስልኬስ ስንት ይላል?»

«ሃያ ሰባት። ዘጠኝ ቮልት በሦስት አምፔር። ቮልቱ የአጉራሹ እጅ ግፊት ነው በይው፣ አምፔሩ የጉርሻው ስፋት። ሁለቱን ስታባዢያቸው ዋቱ ይወጣል። የሚናገረውም ሁሉ የሚግባባበትን የገበያ ቋንቋ ነው፤ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ቻርጀር እዚህ አጠገብሽ አለ።»

ዞረው አዩ። ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ጦጢት ተቀምጣለች፤ በላፕቶፕ የአገሩን ማመልከቻ የምትጽፈው ጦጢት። ቻርጀሯ ከጎኗ ነበር። ስልሳ አምስት ዋት።

«የላፕቶፕ?» አለ አያ ጅቦ። «ስልኩን ያፈነዳዋል።»

አመለወርቅም ፈራች። ይህን ጊዜ ስልኩ፣ በቀረችው እስትንፋስ፣ ስክሪኑን ሳያበራ ተናገረ።

«እትዬ፣ ቋንቋዬን ካወቀ መጀመሪያ ይጠይቀኛል። እኔም የምችለውን እነግረዋለሁ። ከዚያ በላይ አይሰጠኝም።»

«ትንሽ ሰው ሰፊ ድስት አጠገብ ቢቀመጥ ድስቱ አይውጠውም» አለ ጋሽ ደርሶ። «የሚፈራስ ምንም ያልተጻፈበት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ቻርጀር ነው። ይሄ ስሙም ቁጥሩም አለው።»

ጦጢት ቻርጀሯን ሰጠች። ቻርጀሩ ሰፊና ጠባብ ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ አመለወርቅ የራሷን ገመድ አምጥታ ሰፊው ላይ ሰካችው። ጠበቁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«አሁንስ ማን አጠፋ?» አለች አመለወርቅ።

«እኔ ነኝ» አለ ገመዱ። «እኔ ምግብ እንጂ ወሬ አላሻግርም። በውስጤ የወሬ ክር የለም። ቻርጀሩ ሲጠይቅ ለስልኩ አላደረስኩም፤ ስልኩም ሲመልስ እንዲሁ።»

«ለምን ቀድመህ አትናገርም?»

«ማን ጠየቀኝ እትዬ? ቻርጀሩን ትለዋውጣላችሁ፣ ስልኩን ትሰድባላችሁ፣ እኔን ያየኝ የለም።»

ጦጢት በሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነውን የራሷን ገመድ አቀበለቻቸው። ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ገባ። ቻርጀሩ በደንብ በሚሰማ አማርኛ፣ «እንደምን ዋልክ። ስንት ልስጥህ?» አለ። ስልኩ፣ «ሃያ ሰባት፣ ካላስቸገርኩዎት» አለ። «ምን ችግር አለው፣ ሠላሳ ስምንት ይተርፈኛል» አለ ቻርጀሩ፤ ማጉረስም ጀመረ።

እስካሁን አሥር ደቂቃ ጠፍቷል። ስልኩ ባዶ ሆድ ላይ ነበርና ፈጥኖ በላ። አሥር ሞላ። ሃያ ሞላ። አመለወርቅ በመሃል ልትደውል እጇን ስትሰድድ ጋሽ ደርሶ፣ «ተይው፤ እያወራ የሚበላ ይሞቀዋል፤ ከሞቀው ጉርሻውን ያሳንሳል» አላት። እጇን ሰበሰበች። ሠላሳ ሞላ። አርባ ሞላ።

«እስከ መቶ ጠብቂው» አለ አያ ጅቦ፣ የሚለው ሲያጣ።

«ከሰማንያ በኋላማ ሆዱ ይሞላና አንድ አንዷን ነው የሚያላምጥ» አለ ጋሽ ደርሶ። «እኛ ግን እዚያም አንደርስ።»

ሃምሳ አንድ ላይ መብራት ሄደች። አልተሰናበተችም።

አመለወርቅ ደወለች። አቶ ግርማው አነሣ፤ ያለቅስ ነበር።

«ልቅሶህን አስቀምጥ» አለችው። «በፊት እግሯ አንበርክካት። የኋላዋ ከፍ ይበል።»

«ተንበረከክሁ።»

«አንተ ሳትሆን እሷ።»

«እሺ፣ ተነሣሁ። እሷ ተንበረከከች።»

«ልጁ ወደ ኋላ ይመለስላት። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ትተንፍስ፤ ያኔ አትግፋ። በኩንቢህ ሆዷን ከግራ ወደ ቀኝ ዳብስ። በቀስታ። ሊጥ እንደምታድበለብል።»

«ሊጥ አድበልብዬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሕፃን እንደምታባብል።»

አቶ ግርማው ኩንቢውን ዘረጋ። ከዚያ ዳሰሰ። አንድ ጊዜ ዳሰሰ፣ አልዞረም። ሁለተኛ ዳሰሰ፣ አልዞረም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አያ ጅቦ እንኳ አፉን ዘግቶ ያዳምጥ ነበር። ሦስተኛ ሲዳስስ ትልቅሰው ከሩቅ ቆላ አገር የሚያናውጥ ድምፅ አሰማች።

«ዞረ» አለ አቶ ግርማው። «አመለወርቅ፣ ዞረ። አሁን ምን ልበላት?»

«ግፊ በላት።»

«ግፊ» አላት። እሱም አብሮ ገፋ፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ግራር ከሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ስልኩ ውስጥ ሌላ፣ ቀጭን፣ እርጥብ የሆነ ትንፋሽ ተሰማ።

«ወንድ ነው» አለ አባትየው። «ቆሟል። የገዛ ኩንቢውን ረግጦ ወደቀ። እንደገና ቆሟል። ትልቅሰው ዓይኗን ገልጣለች፤ ታየዋለች።»

አመለወርቅ ስልኩን ደረቷ ላይ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ መቶ ሃያውን ቻርጀር ለዝንጀሮ ሰጠችው። የዝንጀሮ ስልክ የእሱ ወገን ነበር። «ሽርክት ፍርክት?» ሲለው፣ «ፍርክት ሽርክት» ብሎ መለሰለት፤ ተሳሳቁና መብራት በወጉ ሳትቀመጥ ስልኩ ጠገበ። ቻርጀሩም ውሸታም አለመሆኑን አገር አየለት።

አያ ጅቦ ግን በሆዱ፣ «እኔን የሚያህል በላተኛ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል?» አለና በማግስቱ ሶኬቱን ራሱን ላሰ። መብራት እንደ ቻርጀር አትጠይቅም፤ ያላትን ሁሉ ሰጠችው። ጠጉሩ ቆመ፣ የኋላ እግሩ አጠረ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ምንም ሳያስቀው ይስቃል።

እናቶች ሁሉ ወደ አመለወርቅ እየመጡ፣ «ከቻርጀር የቱ ነው ጎበዙ?» ይሏት ጀመር። እሷም ስልካቸውን ታገላብጣለች፣ ገመዳቸውን ታያለች፣ ጽሑፉን ለጋሽ ደርሶ ታስነብባለች፤ ከዚያ የምትላቸው አንድ ነገር ነው፦

«አጉራሽ ስትመርጡ፣ ስንት እንደሚችል የሚፎክረውን ተዉት፤ ስንት እንደምትውጡ የሚጠይቀውን ያዙ።»

ተረቴን እዚህ አወረድኩ፤ የሚሸከመው ያንሣው።