ለሕያዋን የተቀቀለ ንፍሮ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ክፉ ዓመት፣ የአህያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። ውርንጭላው ከቤት ሲወጣ ሆዱ ባዶ ነበር። ከወደቀበት አልተነሣም።

ዝንጀሮ ጡሩንባ ነፋ። የዱሩ እድር አባላት ጡሩንባውን ሰምተው ከየጎሬያቸው ወጡ። ውርንጭላውን ቀበሩ፤ ድንኳን ተከሉ። ከዚያም እንደ ደንቡ እዝን ይዘው መጡ። ጎሽ ስንዴ አመጣ፣ ከርከሮ ባቄላ፣ ጃርት ደግሞ ሽምብራ። ንፍሮው በትልቅ ድስት ተቀቀለ።

ጅብም መጣ። ጅብ ለቅሶ አያመልጠውም። ሟቹን ባያውቀውም ከሁሉ በላይ ያለቅሳል፤ ንፍሮው ሲቀርብ ግን እንባው ወዲያው ይደርቃል። አህያን በልቶት የማያውቀውም በእድሩ ሕግ አባል አባልን ስለማይበላ ብቻ ነው።

የትምህርት ቤቱ መምህርት ኤሊ ንፍሮ ዘግና ወደ አህያ ቀረበች። በባዶ ሆድ ሐዘን አይቻልም፣ ትንሽ ቅመስ አለችው። አህያ አልቀመሰም። የተከመረውን እህል ሲያይ ቆየና ጠየቀ።

«ይህ ሁሉ እህል ባለፈው ሳምንት የት ነበር?»

ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የጅብ መንጋጋ ብቻ ነበር።

በሰልስቱ አህያ እድርተኛው ፊት ቆመ። የእድሩ እህል በየጧቱ በትምህርት ቤቱ ደጅ ይቀቀል፣ ልጆቹ በልተው ይማሩ፣ ውኃውን እኔ እሸከማለሁ አለ። ጃርት ደነገጠ። ንፍሮ የለቅሶ ምግብ ነው፣ በደኅና ልጅ ፊት ማቅረብ ሟርት ነው ብሎ አጉረመረመ። ቀበሮም ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«የወንድማችን ሐዘን ይገባናል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የእድር እህል የሚወጣው ሞት ሲኖር ነው።»

«እንግዲያው ሞት እንጠብቅ» አለ አህያ። «ቀጥሎ የማን ልጅ እንዲሆን ትመርጣላችሁ?»

እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። የእድሩ ዳኛ አንበሳ ከተቀመጠበት ተነሣ። በመጨረሻም እህሉ ይውጣ ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ከአባላቱ አንዱ ቢሞት፣ እንደ ጥንቱ ድስቱም እህሉም ወደ ሟች ቤት ይሄዳል አለ። አህያ በዚህ ተስማማ። ያን ዕለት ማታ የሚጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳይሞት።

ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ጭስ ይወጣ ጀመር። ቁጭ ብለው ያንቀላፉ የነበሩ ልጆች ፊደሉን እየጮኹ ያነቡ ነበር። የጅብ ልጅም ይመጣል። ጎድኑ የሚቆጠር፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ከድርሻው ግማሹን በልቶ ግማሹን በቅጠል ይጠቀልላል። አህያ ውኃውን ሲያወርድ ያየዋል፤ አይጠይቀውም።

ጅብ ግን ከፋው። ለቅሶ የለም፤ እዝን የለም። ቀበሮ ዘንድ ሄዶ አማረረ።

«ዘመኑ ተበላሸ፣ አያ ቀበሮ። የሚሞት ጠፋ።»

«ታዲያ አንተ ሙት።»

«ከሞትኩ በኋላ በምን አፌ እበላለሁ?»

«እስከ ቀትር ብቻ ነው፣ አያ ጅቦ። አንተ ትጋደማለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፤ እህሉ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ከዚያ እኩል እንካፈላለን።»

ጅብ አሰበበት። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰና ተጋደመ።

አህያ ውኃ ጭኖ ሲመጣ ጡሩንባው ተነፋ። የማን ልጅ ነው እያለ ሮጠ፤ ውኃው መንገዱን ሁሉ ፈሰሰ። ሲደርስ ልጆቹ ባዶ ጣባ ይዘው ቆመዋል። ሟቹ ጅብ ነው አሉት። አንበሳ ቅር እያለው እህሉ ይጫን አለ። አህያ ሐዘን የገባበትን ቤት ያውቀዋል። እህሉን በጀርባው ተሸክሞ፣ ከትናንት በድስቱ የተረፈችውንም ጭብጥ ንፍሮ ይዞ ሄደ።

ጅብ በደጁ ተዘርግቷል። ቀበሮ ደረቱን እየመታ፣ ለድሃ አዛኝ፣ ጾመኛ ወንድሜ እያለ ያሞግሰዋል። የጅብ ልጅ ከአባቱ ራስጌ ኩርምት ብሏል። አህያ ጎንበስ ብሎ ንፍሮዋን ሰጠው።

«ብላ፣ ልጄ።»

«ይህ የአባዬ ነው» አለ ልጁ። «ሁልጊዜ ከእኔ ላይ ከፍዬ አመጣለታለሁ። ዛሬም ድርሻው ይድረሰው።»

ንፍሮዋንም በአባቱ አፍ አጠገብ አኖረ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። የጅብ አፍንጫ ግን ተንቀሳቀሰ። ቀበሮ ያን አይቶ ለቅሶውን ከፍ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ምላስ ወጣች፤ ንፍሮዋን ጠርጋ ገባች። መንጋጋው ቀስ ብሎ ያላምጥ ጀመር።

አንበሳ ተጠጋና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ።

«ሟቹ ሆይ፣ ጨዉ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ያንሰዋል» አለ ጅብ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዝንጀሮ ጡሩንባውን ጥሎ በሳቅ ተንከባለለ። ቀበሮን ሲፈልጉት አልነበረም። አንበሳ ግን አልሳቀም። ከሕፃናት አፍ የነጠቀ ከእድሩ ይውጣ፣ ከዱሩም ይጥፋ ብሎ አገሳ። የጅብ ልጅ ያባቱን አንገት አቅፎ ያለቅሳል፣ ይስቃል። አህያ ልጁን አየው።

«ተዉት» አለ። «ጡሩንባ ተነፍቶለት የተነሣ እሱ ብቻ ነው። እኔ ይህን ለልጄ ተመኝቼ አላገኘሁትም። ይኑርለት። ግን ሥራ ይስጡት።»

ስለዚህ አጥንት የሚሰባብረው የጅብ መንጋጋ ለድስቱ ማገዶ እንዲሰብር ተፈረደ። የሚበላውም ልጆቹ ሁሉ ከጠገቡ በኋላ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከድስቱ ቀድሞ ምራቁ ይፈላ ነበር፤ በኋላ ልጁ ሲጠግብ ማየት ለመደ። እድሩም ሕጉን ለወጠ። የልጆቹ ጎተራ ለብቻው ይሁን፣ ሞት ቢመጣም አይነካ ተባለ።

ዝንጀሮም ንፍሮው ሲበስል በጧት ጡሩንባ እንዲነፋ ታዘዘ። በመጀመሪያው ቀን እናቶች ደንግጠው እየሮጡ ወጡ፤ ልጆቻቸው ጣባቸውን እያንኳኩ ሲያልፉ አዩ። አህያም ውኃ ጭኖ መንገድ ላይ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ቆመ፤ ጆሮው ቀጥ አለ። ትናንሽ ኮቴዎች በአጠገቡ ግር ብለው አለፉ። ከመካከላቸው አንድ ኮቴ ጎድሏል፤ እሱ ያውቃል። ውኃው ግን አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቀብር የምንሰበስበውን እህል ልጆቻችን ሲራቡ ቀድመን ብናደርሰው፣ ጡሩንባው ለሞት ሳይሆን ለማዕድ እንደሚነፋ ነው።