ኢንጂነሩና እውነቱን የነገረው ወንድሙ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቸኩይ ትርፌ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ልጅሽ ትምህርቷን ካቋረጠች ዓመት ሆኗታል፤ በየጠዋቱ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ትምህርት ቤት የምትሄድ መስሎሽ ኖረሻል። ባለፈው እሁድ ራሷ እግርሽ ላይ ወድቃ ነገረችሽ። አንቺም ከቤት አስወጣሻትና አክስቷ ጋ ገባች። አሁን መጥተሽ «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ባኮርፋት ልብ ትገዛለች?» ትይኛለሽ። ኩርፊያ እንደ መድኃኒት በማንኪያ የሚለካ ይመስል! በይ ተቀመጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው የትንሽ ከተማ ልጅ ነበር። ከተማዋ ከአንድ መንገድና ከአንድ ገበያ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። አንድ የሣር ሜዳ ግን ነበራት፤ በሳምንት አንድ ቀን አውሮፕላን ያርፍበታል። አባቱ የሜዳው ዘበኛ ነበር። ሥራው ምን መሰለሽ? አውሮፕላኑ ሲመጣ ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት፤ ወንዶቹ ያግዙት ነበር። ታናሹ ከብቱን ያባርራል፤ ታላቁ ግን አንጋጦ ሞተሩን ያያል። «አንተ ሰማይ ሰማይ ስታይ ላሟ ክንፉን ልትልሰው ነው!» እያለ አባቱ ይጮህበት ነበር።

ታላቁ አድጎ አዲስ አበባ ሄደ፤ የአውሮፕላን ጥገና ተማረ። ጎበዝ ስለነበር ኢንጂነር እንዲሆን ለተጨማሪ ትምህርት ባሕር ማዶ ተላከ። አባትየው ሞቶ ስለነበር ታናሹ እዚያው ከተማው ቀርቶ እናታቸውን ይጦር ጀመር። ኢንጂነሩ ባሕር ማዶ ሳለ እናትየዋም ሞተች። የአገራችንን ወግ ታውቂዋለሽ፤ በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ማን ያጽናናዋል? ማን ደግፎ ያስለቅሰዋል? ሽማግሌዎቹም «ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል» አሉ። ስለዚህ ስልክ በደወለ ቁጥር ታናሹ «እማዬ ደህና ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይለዋል። ሌላ ጊዜ «ገበያ ወጥታለች» ይለዋል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ምን ያድርግ!

ኢንጂነሩ ተመርቆ ሲመለስ ለእናቱ ሹራብ ገዝቶ ነበር። ዘመድ አዝማድ እንደ ወጉ በማግስቱ ማለዳ ሊያረዱት ተዘጋጅተዋል። ታናሹ ሊቀበለው ኤርፖርት ሄደ። ወንድሙ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ሹራቡን አውጥቶ «ልኳ ይሆን?» ሲለው ታናሹ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለም። የወንድሙ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«እማዬ ከሞተች ዓመት አልፏታል» አለው። «ደህና ናት እያልኩ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ኢንጂነሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ መስቀል ይዞ ቢለምን፣ እምቢ አለ። ታናሹ በየዓመት በዓሉ ቢደውልለት አያነሳም። እናቱን አፈር ሳያለብስ ቀርቷልና ማዘኑን አልነቅፍም፤ እኔም ብሆን አዝናለሁ። ግን እዪው እስኪ፤ የደበቁት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የተቀጣው ከሁሉም መካከል አፉን አውጥቶ የነገረው ነው።

ዓመታት አለፉ። ኢንጂነሩ የጥገና ኃላፊ ሆነ። አንድ ቀን መንገደኛው ሁሉ ተሳፍሮ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አንድ ቴክኒሻን እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል። «መፍቻ ጎድሎኛል፤ ሞተሩ ውስጥ ሳልረሳው አልቀርም» አለ። በቃ ከሥራ መባረሬ ነው ብሎ ፈርቷል። ኢንጂነሩ አውሮፕላኑን አስቆመ፤ ሞተሩ ተከፈተ፤ መፍቻው ተገኘ። ያን ቴክኒሻን በሰው ሁሉ ፊት አቅፎ ሳመው። አለቆቹ «ይቀጣ እንጂ!» ቢሉት «የነገረኝን ከቀጣሁ ነገ ማን ይነግረኛል?» አላቸው። እሰይ! እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቦታው ስህተቱን የሚደብቅ ሰው ጠፋ።

ቤቱ ሲገባ ግን ይህን ብልሃት የት እንደሚጥለው እንጃ። ሚስቱም ልጆቹም በወንድሙ ላይ የደረሰውን ያውቃሉ። ልጁ ፈተና ሲወድቅ ለእናቱ ብቻ ይናገራል፤ እናትየው ትሸፍንለታለች። እህቱ ከባሏ ስትፋታ የሰማው ከጎረቤት ነው። ሁሉም «ኧረ እንዳይቆጣ!» ይላል። እሱም ክፉ ወሬ ስለማይሰማ ቤቱ ሁሉ ደህና ይመስለው ነበር።

ሸምግሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት እህቱ ጥቁር ለብሳ ከሽማግሌዎች ጋር ቆማለች። ወንድሙ ሞቶ ተቀብሯል፤ አርባውም ወጥቷል። ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሆኖ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ሲል ነበር። ዘመዶቹ «አንቺ ንገሪው»፣ «የለም፣ አንተ ንገረው» ሲባባሉ ሰውዬው አለፈ።

ኢንጂነሩ ደረቱን እየመታ ጮኸ። «ታሞ ሳለ ለምን አልነገራችሁኝም? እሄድ ነበርኮ! ይቅር ብዬሃለሁ እለው ነበርኮ!»

እህቱ እንባዋን ጠረገች። «ማን ይንገርህ ወንድሜ? የነገረህን ሰው ምን እንዳደረግከው አይተናል» አለችው።

ኢንጂነሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ አልነፈገውም። የልጅ ልጆቹ ከበውት ስለ አውሮፕላን ንገረን ሲሉት ስለ ወንድሙ ጀምሮ ሳይጨርሰው ያለቅስ ነበር። ይቆጨው ነበር ትርፌ፤ እስኪሞት ድረስ ይቆጨው ነበር።

እንግዲህ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ልጅሽ ዓመት ሙሉ ዋሽታሻለች፤ ጥፋት ነው፣ አላቀለውም። ግን ማንም ሳይይዛት፣ ማንም ሳያሳብቅባት በገዛ እግሯ መጥታ ነገረችሽ። እንደ ቴክኒሻኑ ሮጣ መጣችልሽ፤ አንቺ ግን ኢንጂነሩ ወንድሙን እንደቀጣው ቀጣሻት። «እውነቱን ስነግራት አባረረችኝ» ብላ ከተማረች፣ ነገ ሲያማት ለማን ትናገራለች? ሰው ሲያታልላት፣ የባሰ ነገር ሲደርስባትስ? አገር ከሰማ በኋላ መጨረሻ የምትሰሚ እናት ትሆኛለሽ።

ምን አልሽ? «ታዲያ ጥፋቷ እንዲሁ ይለፍ?» ማን ይለፍ አለሽ! ለምን ትምህርቷን እንደተወች እንኳ ጠይቀሻታል? አየሽ፤ አልጠየቅሽም። የምትቆጪውን ተቆጪ፣ የምትመክሪውን ምከሪ፤ ግን ቤትሽ ገብታ፣ አጠገብሽ ተቀምጣ ይሁን። ተነሺ በይ፤ አክስቷ ቤት ሩቅ አይደለም። ስንት ጊዜ ላኩርፋት ብለሽ አልነበር የጠየቅሽኝ? እስካሁን ያኮረፍሽው ራሱ በዝቷል።