የሐጂ ሙዘይን መካከለኛ እራት

ጀመዓ፣ የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ «የኛ አገር ናት» ብላችሁ ትሻማላችሁ። ብቻ ግንቧ ያረጀ፣ መስጊዶቿ ግን ሰው የማያጡ ከተማ ነበረች። እዚያ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ቆዳ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ ሷሊህ ሰው ናቸው፣ ቁጣቸው ግን ቶሎ ይገነፍላል።

አንድ ቀን አማቻቸው፣ እሳቸው ለሰርጉ የሰጡትን በቅሎ ሸጠው። ሐጂ ጦፉ። «ወላሂ፣ የልጄን ደጃፍ አልረግጥም!» ብለው ማሉ።

ስድስት ወር ሳይሞላ ልጃቸው ሸምሲያ ወንድ ልጅ ተገላገለች። «አባባ መጥተው በጆሮው አዛን ይበሉለት፤ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» ብላ ላከችባቸው። ሐጂ ለመሄድ ብድግ አሉ፤ መሐላቸው ግን ትዝ አላቸው።

መሐላ የማለ ሰው ከመሐላው የተሻለ ነገር ካየ፣ ከፋራ፣ ማለትም የመሐላውን ማካካሻ፣ አውጥቶ የተሻለውን ይሥራ ተብለናል። ከፋራው ዐሥር ሚስኪን ማብላት ነው፤ ያውም ቤተሰብን ከሚመግቡት ከመካከለኛው።

«መካከለኛው የቱ ነው?» አሉ ሐጂ።

ታናሽ ወንድማቸው ይማም ቸኮለ። «ምን ያስጨንቃል፣ ወንድምጋሼ? ከቅዳሜ እስከ ጁምዓ ብትቆጥር መሐሉ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ምን በላችሁ?»

«ንፍሮ» አሉ ባለቤታቸው ዘይነባ።

«በቃ! ንፍሮ አብሉና ተገላገሉ።»

ከጠዋት የተቀቀለ ንፍሮ ደግሞ በድስት ሙሉ ነበር፤ ልጅቷም እየጠበቀች ነው። ሐጂ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መካከለኛ የተባለው ቀኑ ነው ወይስ ምግቡ?»

ሰባት ጠጠር አስመጥተው የሰባቱን ቀን እራት አጎዛቸው ላይ ደረደሩ፤ እንደ ቀኑ ሳይሆን ከዝቅተኛው ወደ ላይኛው። ንፍሮ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ምስር በቅቤ፣ ቋንጣ፣ ዶሮ፣ የጁምዓው ሙክት። አራተኛው ጠጠር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ሦስት ከታቹ፣ ሦስት ከላዩ።

«ምስር በቅቤ ነው» አሉ።

ዘይነባ ሰጉ። «ጁምዓ ለእንግዳ ሙክት አርደናል እኮ። እሱ ነገሩን ከፍ አያደርግብንም?»

«በሬም ብናርድ ላይኛው ይወፍራል እንጂ መሐሉ ያው ነው።»

ምስሩ ተሠራ፤ ዐሥሩ ሚስኪኖችም ከመስጊዱ ደጅ ተጠርተው ቀረቡ። አንድ ሽማግሌ ሁለቴ ጎርሰው ቀና አሉ። «ሐጂ፣ ዛሬ ዒድ ነው እንዴ? ሳንሰማ አመለጠን?»

ሐጂ እንባቸው መጣ። ሰዎቹ በልተው እንደጨረሱ ወደ ሸምሲያ ቤት ገሰገሱ፤ ሕፃኑን ታቅፈው በቀኝ ጆሮው አዛን አሉ። ሸምሲያ እጃቸውን ስማ፣ «ቆዩብኝ እኮ፣ አባባ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ የኛ መካከለኛ ለሌላው ዒድ ኖሯል። ስንቱን እራት አልሐምዱሊላህ ሳልል ዋጥኩት!»

ጀመዓ፣ ይህን ስናገር መጀመሪያ የምገሥጸው ራሴን ነው። ሙክት ሲቀርብ ለማመስገን ማን ይሰንፋል? ንፍሮ ሲቀርብም «ሶብር» ብለን እንታገሣለን። ምስር የበላንበትን ቀን ግን ማንም ልብ አይለውም፤ ዕድሜያችን የሚያልቀው ደግሞ በእሱው ነው። ዛሬ ማታ የቀረበላችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ከገበታው ስትነሡ አልሐምዱሊላህ በሉ፤ ከልባችሁ በሉት።