ሄሊሶ ያልጨረሰው ቃል

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ደወል ወደ አገራችን ሳይመጣ፣ ሰው በቀንድ መለከት ለጸሎት በሚጠራበት ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ፣ እንሰት በከበባት ጉብታ ላይ ሄሊሶ የሚባል ሰው ነበረ። ቅርጫት ሠሪ ነበረ። ድሀ ነበረ። ከሁሉም በላይ ተብታባ ነበረ።

ካህኑ አባ ሉቃ የሚመጡት ወንዙ ሲጎድል፣ በበቅሎ ነው። በሌላው እሑድ ቅዳሴ የለም። ሕዝቡ በሣር ክዳኗ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፣ የዕለቱ ምንባብ ይነበባል፣ ይጸለያል፣ ይበተናል። ታዲያ ከመንደሩ ፊደል የቆጠረው ሄሊሶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በልጅነቱ ታሞ ሚሲዮን ቤት ሲተኛ ነበር የተማረው። አባ ሉቃ መጽሐፉን ሰጡት።

«አባ፣ እ... እኔ?»

«አንተ። እግዚአብሔር ሌላ አላዘጋጀልኝም» አሉት።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ምንባቡ አብርሃም አገሩን ትቶ እንዲወጣ የታዘዘበት ነበር። «ከ... ከ... ከ...» አለ ሄሊሶ። ሰው አዘነለት። አዘነና ያግዘው ጀመር። «ከቤቱ!» አለ አንዱ። «ከገበያ!» አለች ሌላዋ። በድንበር የተጣላ አንድ ገበሬ ደግሞ ጎረቤቱን እያየ «ከመሬቴ ውጣ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤትየው መጽሐፉ የፈረደበት መስሎት ዱላውን አነሣ። የዚያን ዕለት አብርሃም ከአገሩ ሳይወጣ ጉባኤው ተበተነ።

ሽማግሌዎች መከሩ። «ከእንግዲህ የአንባቢን ቃል ከአፉ የሚነጥቅ አይኑር። ቢዘገይም ይጠበቅ» አሉ። ሥርዓት ሆነ። ሰው መጠበቅን ለመደ። ሄሊሶን ግን ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራው። ያ ሁሉ ዓይን እሱን ነው የሚያየው።

ፍርሃት ብልሃት ያስተምራል። ረጅሙን ትቶ አጭሩን፣ ከባዱን ትቶ ምላሱ የማይታሰርበትን ማንበብ ጀመረ። ማንም አላወቀበትም። ወንዙ ጎደለ። አባ ሉቃ መጡና ክረምቱን ምን እንደሰሙ ሕዝቡን ጠየቁ። ሽማግሌውም ሕፃኑም ያችኑ አንዲት አጭር መዝሙር ደገሙላቸው። አባ ሉቃ ሄሊሶን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ ማዕድ አቅራቢ ከእንግዳ ትሪ ላይ እየመረጠ ያስቀራል?»

«አ... አያስቀርም፣ አባ።»

«ቃሉ የሕዝቡ ነው። የመጣውን አቅርብ።»

ሄሊሶ አፈረ። መስቀላቸውን ስሞ ማለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ምንባብ አልዘለለም።

ቆይቶ በገበያ ጠብ ተነሣ። የመበለቲቱ የአጋታ የመጨረሻ ልጅ በጦር ተወግቶ ሞተ። ገዳዩ ሸሸ፤ አባቱ ሹጉጤ ግን አልሸሸም። የአጋታ የበኩር ልጅ ቅዳሜ ወደ ሄሊሶ ቤት መጣ። «ነገ ምን እንደምታነብ አላውቅም። የወንድሜ መቃብር ሳይደርቅ ይቅርታ የሚል ሰው ካለ ግን ከገዳዩ ወገን ቆጥሬዋለሁ» ብሎት ሄደ።

ሄሊሶ መጽሐፉን ገለጠ። ጴጥሮስ ጌታን፣ የበደለኝን ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ የጠየቀበት ነበር። ሚስቱ እግሩ ላይ ወደቀች። «አንድ ቀን ብትዘልለው ምን አለበት? ልጆችህን አስብ!»

እሑድ ሆነ። የሟቹ ወንድሞች ጦራቸውን እንደ ወጉ ከደጅ አስደግፈው ገቡ። ሹጉጤም ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሄሊሶ ቆመ። አንድ ቅጠል ቢገልጥ ከጭንቁ ይገላገላል። ግን ምሏል። አነበበ። ጴጥሮስ ቀረበ፣ ጠየቀ፤ «ስንት ጊዜ ይ... ይ...»

ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቆመ።

ማንም አልነጠቀውም፤ ሥርዓት ነው። ጠበቁ። በኩሩ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ሹጉጤ አንገቱን ደፋ። ሄሊሶ «አምላኬ፣ ዛሬስ ልለፈው» አለ በልቡ። አላለፈውም። አፉን ከፍቶ ቆመ።

አጋታ ሄሊሶ ባነበበ ቁጥር ከእሱ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ታዝንለታለች። ያን ዕለትም ሳታስበው ከንፈሯ ጀምሮ ነበር።

«ይቅር» አለች።

ቤቱ ሁሉ ሰማ። እሷም ሰማችው። መልሳ ልትውጠው አልቻለችም። ተነሥታ ቆመችና ልጇን እያለቀሰች «ይቅር ልበለው» ብላ ጨረሰችው። ሹጉጤ ተደፍቶ እግሯን ያዘ። በኩሩ ወጥቶ ሄደ፤ ጦሩን ግን አልነካውም።

ሄሊሶ የቀረውን አነበበ። እስኪሞት ድረስ ተብታባ እንደሆነ ኖረ።

ስለዚህ በዚያች ጉብታ ያ ወንጌል በሚነበብበት እሑድ፣ ምላሱ የተፈታ አንባቢ እንኳ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቃሉን የሚጨርሰው ከሕዝቡ መካከል የተበደለ ሰው ነው። ቂም የያዘ ሰው ሲያዩም «ሄሊሶ ቆሞልሃል» ይሉታል። አንዳንድ ዓመት ቶሎ የሚነሣ ይገኛል። አንዳንድ ዓመት አይገኝም። ያን ጊዜ አንባቢው መጽሐፉን አይዘጋም፤ ሰውም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይጠብቃሉ።